ቁጢጥ ብሎ ለተነሳ ታካሚ ራጅ ምን ይጨምርለታል?

ጭኑ ወይም ቅልጥሙ ተሰብሮ በቀዶ ሕክምና ብረት የገባለት ሰው በየቀጠሮው ራጅ መነሳት አለበት? አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ «የለበትም» ይላሉ፤ አንድ የአጥንት ቀዶ ሐኪም «አለበት» ባይ ናቸው።

ባለሙያዋ፦ ከቀዶ ሕክምናው ቀጥሎ በሚነሳው የመጀመሪያ ራጅ ላይ ክርክር የለኝም። ብረቱ የት እንደደረሰ፣ ብሎኖቹ ቀዳዳቸውን ማግኘታቸው መታየት አለበት። ጥቁር አንበሳን ጨምሮ በብዙ ሆስፒታሎች የሚገባው ሳይን ኔይል የተባለ፣ አጥንቱ መቅኒ ውስጥ የሚሰካ ዘንግ ደግሞ ሲ-አርም (ቀዶ ሕክምናው እየተካሄደ አጥንቱን የሚያሳይ የራጅ መሣሪያ) ለሌለው ቀዶ ክፍል ተብሎ የተሠራ ነውና ያን ራጅ መዝለል አይታሰብም። ጥያቄዬ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ታካሚው በስድስተኛው ሳምንት፣ በሦስተኛው ወር፣ በስድስተኛው ወር ይመጣል፤ ገና በሩ ላይ «ራጅ ተነስተህ ና» ይባላል። እግሩን የነካው የለም፣ ሲራመድ ያየው የለም። ከገጠር ለመጣ ሰው ይህ የሙሉ ቀን ወረፋ ነው፤ አንዳንዴም የአልጋ ኪራይ ይጨመርበታል። መሣሪያው ተበላሽቶ ወደ ግል ክሊኒክ ከተላከማ አያድርስ! እ.ኤ.አ. በ1999 በዶክተር ሉዊስ ዚርክል የተመሠረተው፣ ይህን ብረት የሚሠራው ሳይን የተባለው ድርጅት ራሱ ብረቱን ለድሃ ታካሚዎች በእርዳታ ሲያቀርብ ከሐኪሞች የክትትል ውጤት ይቀበላል፤ እግሩ መዳኑን ለማሳየት ታካሚው ቁጢጥ ብሎ ፈገግ ሲል የተነሳው ፎቶም ከሚላከው አንዱ ነው።

ሐኪሙ፦ ያ ፎቶ የመጣው ራጅ ስለማይገኝ እንጂ ራጅን ስለሚተካ አይደለም፣ እህቴ። ሳይን ኔይል ድፍን ነው፤ ክብደት ይሸከማል። አጥንቱ ሳይያያዝም ብረቱ ብቻውን ሰውየውን ቁጢጥ ሊያደርገው ይችላል። ሽቦ ሲታጠፍ ሲዘረጋ እንደሚበጠሰው፣ ያልተያያዘ አጥንት ውስጥ ያለ ብረትም ወራት ቆጥሮ ይደክማል፤ ብሎኑ ይሰበራል፣ ሲብስም ብረቱ ራሱ። የተሰበረ ብረት ከመቅኒ ውስጥ ፈልቅቆ ማውጣት ከመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና የከበደ ሥራ ነው። ለቅልጥም ስብራት ረስት የሚባል መለኪያ አለን፤ በሁለት አቅጣጫ በተነሳ ራጅ የአጥንቱን አራት ጎኖች አይተን ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 3 ነጥብ እንሰጣለን። 4 ምንም ያልጀመረ፣ 12 ደህና አድርጎ የተያያዘ ነው። በሦስተኛው ወር 6 ያየሁትን በስድስተኛውም ወር 6 ካገኘሁት ፈውሱ ቆሟል። የትኛው ቁጢጥ ይህን ይነግረኛል? ደግሞስ «እንዴት ነህ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» የማይል ታካሚ አይተዋል? እርሻው የጠራው ገበሬማ ሕመሙን ውጦ ነው የሚቀመጠው። የእግር ራጅ ጨረር ደግሞ እጅግ ጥቂት ነው።

ባለሙያዋ፦ ስለ ጨረሩ ምን አልኩ፣ ዶክተር? እኔ የምጠይቀው ራጁ ምን ውሳኔ እንደለወጠ ነው። በስድስተኛው ሳምንት ስብራቱ ላይ ገና ጭጋግ የመሰለ አዲስ አጥንት ያያሉ፤ ታካሚውን «ቀጥል» ብለው ይመልሱታል። ሳይነሳም ያንኑ ይሉት ነበር። አጥንቱ ዞሮ መግጠሙንማ ተራ ራጅ በደንብ አያሳይም፤ እኔ አስተኝቼ ሁለቱን እግሮች ሳወዳድር ወዲያው አየዋለሁ። ከቁስሉ የሚወጣ ፈሳሽም ፊልም አይጠብቅም። በኔዘርላንድስ በቁርጭምጭሚት ስብራት ላይ በተደረገ ጥናት፣ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በኋላ ያለ ምክንያት ራጅ ያልተነሱት ታካሚዎች እግራቸው ከሌሎቹ የባሰ አልሆነም።

ሐኪሙ፦ ቁርጭምጭሚት ጭን አይደለም። የኔዘርላንድስ ታካሚ ካመመው ስልክ ደውሎ ቀጠሮ ይይዛል። የእኛው ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ይታሻል፤ ወደ እኔ የሚመለሰው ብረቱ ከተሰበረ በኋላ ነው። ስለ ስድስተኛው ሳምንት እሺ፣ ብረቱ በደንብ ለገባለት ሰው ልተወው። ሦስተኛውን ወር ግን አልለቅም፤ ከዚያ ወዲያ ላይመለስ ይችላላ።

ባለሙያዋ፦ የሚያስቀረው እኮ ወጪው ነው! ቀጠሮው «ና፣ ተራመድ፣ ቁጢጥ በል» ቢሆን ይመጣ ነበር። መጀመሪያ ይታይ፣ ራጁ ካስፈለገ ከዚያ ይታዘዝ።

ሐኪሙ፦ ቅደም ተከተሉን እቀበላለሁ። ግን ክፍት ስብራት የነበረበት፣ የሚያጨስ፣ ስኳር ያለበት፣ ሲረግጥ የሚያመው...

ባለሙያዋ፦ እነሱንማ እኔም ራጅ ተነሱ ብዬ እልካለሁ። የምንጣላው ዝግ ስብራት ገጥሞት፣ ሌላ ሕመም የሌለበት፣ በሦስተኛው ወር ያለ ክራንች ደረጃ ወጥቶ በመጣው ወጣት ላይ ነው።

ሐኪሙ፦ እሱንም አንዴ።

ባለሙያዋ፦ በማን ገንዘብ?