ቁራሌው እምቢ ያለው ዕቃ

ሳሎናችን ውስጥ ሁለት ቴሌቪዥን አለ። አንዱ ይሠራል። ሌላው የሚሠራውን ተሸክሟል።

የተሸከመው ታላቁ ነው። ባለ 21 ኢንች፣ ጀርባው ያበጠ፣ ሁለት ጎረምሳ ካልተጋገዘ የማያነሳው ጥቁር ሣጥን። በደህናው ጊዜ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ኳስ አይቶበታል። እናቴ ነጭ ዳንቴል አልብሳ በሳምንት ሁለቴ ትወለውለው ነበር። አንድ ማታ መሀል ዜና ላይ «ጧ!» አለና ጨለመ። ጠፍጣፋው ሲገዛ ማስቀመጫ ስላልነበረን አናቱ ላይ ጉብ አደረግነው። ለጊዜው ነበር። ይኸው ሰባት ዓመት ሞላው።

ባለቤቴ ዘንድሮ ለፋሲካ ቤት ስታጸዳ አመረረች። «ወይ እሱ ይወጣል ወይ እኔ!» አለች። እኔም ከሁለቱ የትኛው ይከብድ ይሆን ብዬ ትንሽ ዝም አልኩ። ያቺ ዝምታ ሦስት ቀን አስኮረፈችብኝ።

መጀመሪያ ተስፋ ያደረግኩት በጽዳት ማኅበሩ ልጆች ነው። በየሳምንቱ ማዳበሪያቸውን እየጎተቱ ይመጣሉ። ሂሳቡን ከውኃ ቢል ጋር ስለምንከፍል መብቴ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ በሩን ከፈትኩ። አንዷ ልጅ ገባ ብላ ቴሌቪዥኑን አየችው። ጎንበስ ብላም ከጀርባው አየችው።

«ጋሼ፣ ይሄ የኛ አይደለም።»

«እንዴት ማለት?»

«እኛ የምናነሳው ቆሻሻ ነው። ይሄ ዕቃ ነው።»

ይህን እናቴ ከጓዳ ሰማች። ለሁለት ሳምንት ልትጠይቀን መጥታ ስምንተኛ ወሯን የያዘችው እናቴ። ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላ እንደያዘች ብቅ አለች። «አየህ አንተ ልጅ! ቆሻሻ አይደለም አሉህ! እኔ አላልኩም፣ ሥራቸው የሆኑት ናቸው ያሉት!»

እናቴ ዘንድ የሚጣል ነገር የለም። «ለቁም ነገር ይሆናል» ብላ የምታስቀምጠው እንጂ። ጓዳችን ገብታችሁ አንዱን ዕቃ ብታነሱ ሁለተኛ ወይ ሦስተኛ ሕይወቱን የሚኖር ነው። የኒዶው ጣሳ ቡና ይዟል። የዘይቱ ጀሪካን ውኃ ይዟል። አፉ የተቆረጠው ጀሪካን መጥለቂያ ነው፤ የተቆረጠው አፉ ደግሞ ማንቆርቆሪያ ሆኗል። የእርዳታ ዘይት የመጣበት፣ ሁለት እጅ ሲጨባበጥ የሚያሳየው ጣሳ ጤና አዳም በቅሎበት በረንዳ ላይ ተቀምጧል። ምጣድ ሲሰነጠቅ እንኳ ስባሪው ገል ሆኖ የዕጣን ፍም ይይዛል።

እኛ አገር ዕቃ ሲያልቅ ስሙ አያልቅም። ጆንያውን «ማዳበሪያ» እንለዋለን፤ አብዛኛው ግን ከተማ ውስጥ ሲኖር የማዳበሪያ ፍሬ አይቶ አያውቅም። የታሸገ ውኃ የመጣበት ጠርሙስ ሁሉ፣ ማንም ያሽገው ማን፣ «ሃይላንድ» ነው። ክፍለ አገር የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ ልጆች መኪና ተከትለው ሲሮጡ የሚጮሁት «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ነው። የሚፈልጉት ባዶውን ነው። ውኃውን ጠጡት፣ ዋናውን ዕቃ ስጡን ነው ነገሩ።

እውነቱን ለመናገር እኔም የዚሁ ትምህርት ቤት ተማሪ ነኝ። ልጅ ሆነን የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣው ነበር። እንደ በርበሬ። ፀሐይ እምቢ ሲል በጥርስ ነከስ ነከስ ይደረጋል። ያን ጊዜ ለአንድ የእግር ኳስ አጋማሽ የሚሆን ትንፋሽ ይሰጣል። ጨርሶ ሲሞት ደግሞ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ተሰብሮ፣ ጥቁሩ ዱቄት ከቅጠል ጋር ተወቅጦ ጥቁር ሰሌዳ ይቀባበታል። ዱቄቱ ካርቦንና ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ መሆኑን ያወቅኩት ኋላ ነው፤ ያኔ የማውቀው እጄን ታጥቤ እንደማይለቅ ብቻ ነበር። ዛሬ የሚሞተው ድንጋይ ሁሉ በሃይላንድ ሞልቶ እናቴ አልጋ ስር አለ። የጽዳት ማኅበሩ አይወስደውም። እኔም ከእንጀራ ትርፍራፊ ጋር አንድ ላይ ልጥለው አልደፈርኩም።

ቅዳሜ ጠዋት ቁራሌው መጣ። «ቁራሌ...ው!» ድሮ «ቆርቆሮ ያለው» ነበር አሉ፤ አፍ ላይ ሲመላለስ ተበልቶ ተበልቶ ይህችው ቀረች። ቃሉ ራሱ ያለቀ ዕቃ ነው።

አራተኛ ፎቅ ድረስ ሲወጣ ትንፋሽ አጠረው። ቴሌቪዥኑን ዞረው። በጣቱ አንኳኳው። ጆሮውን አስጠጋ። የታመመ ዘመድ ያሳየሁት ይመስል በጭንቀት ጠበቅኩ።

«እሺ፣ ስንት ትከፍለኛለህ?» አልኩት።

«እርስዎ ስንት ይከፍሉኛል?» አለኝ።

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ከዚያ አስረዳኝ። ገንዘቡ ያለው የመስታወቱ አንገት ላይ በተጠመጠመው የመዳብ ሽቦ ነው። እሱን ፈትቶ ይወስዳል፣ ጥቂት ብርም ይሰጠኛል። ሌላውን ግን በነፃም አይፈልገውም። አብዛኛው ክብደት መስታወት ነው። መስታወቱ ውስጥ ደግሞ እርሳስ አለበት፤ የሚጻፍበት እርሳስ አይደለም፣ ማዕድኑ ነው፤ ጨረር እንዲያግድ የተጨመረ። እንዲህ ያለውን መስታወት የሚገዛ ሰው የለም፣ ሰብሮ መጣሉም ለጤና ጥሩ አይደለም። በአጭሩ ልቡን ወስዶ ሬሳውን ሊተውልኝ ነው። አይሆንም ብዬ ሸኘሁት።

ልዋጭ የምትለዋ ሴትዮ ብሶ አገኘኋት። ሳፋና ጆግ በጀርባዋ ቆልላ ትዞራለች። እናቴ ከእሷ ጋር የቆየ ወዳጅነት አላት፤ አምና የሠርግ ጫማዬን በአንድ ሳፋ ለውጣዋለች። (እናቴ ዘንድ መለወጥ መጣል አይደለም። የኔን መለወጥ ደግሞ ጭራሽ ትርፍ ነው።) ሴትየዋ ቴሌቪዥኑን ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። ያየችው የለበስኩትን ጃኬት ነው።

እንግዲህ ወደ ወንጀል ገባሁ። ሌሊት አምስት ሰዓት ላይ ከጎረቤት ልጅ ጋር ተጋግዘን ቴሌቪዥኑን ደረጃ ለደረጃ አወረድነውና ግቢው በር አጠገብ አስቀምጠነው ተመለስን። ወገቤ እስካሁን ያስታውሰዋል። ጠዋት በሩ ተንኳኳ። የግቢው ዘበኛ ከሁለት ሰው ጋር ቆመዋል፤ መሀላቸው ቴሌቪዥኑ። «ጋሼ፣ ዕቃዎት ሊሰረቅ ነበር! ሌሊቱን ሙሉ ስጠብቀው አደርኩ።» ምን ይባላል? ለሻይ ሰጠሁት። ለሁለቱ ተሸካሚዎችም ሰጠሁ። እናቴ ሦስቱንም መረቀቻቸው።

የቀረችኝ መርካቶ ነበረች። ምናለሽ ተራ የሄደ ሰው እዚያ የማይቀየር ነገር እንደሌለ ያውቃል። መዶሻው ጆሮ ያደነቁራል። በርሜል ገብቶ ምድጃ ሆኖ ይወጣል። ጎማ ገብቶ በረባሶ ሆኖ ይወጣል። የቲማቲም ጣሳው ኩራዝ፣ ቆርቆሮው የቡና መቁያ። ሰው ገብቶ ባለሙያ ሆኖ ይወጣል ማለትም ይቻላል። ቴሌቪዥኑን ተሸክሜ አልሄድኩም፤ ፎቶውን ይዤ ነው። አንድ ጢማቸው የነጣ ባለሙያ ስልኬን ተቀብለው ራቅ አድርገው አዩት።

«ልጄ፣ እኛ የምንሠራው በመዶሻ ነው። ይሄ በመዶሻ ሲመታ ምን ይሆናል?»

«ይሰበራል።»

«እንግዲያስ!» አሉና ስልኬን መለሱልኝ። ከጥቂት ዝምታ በኋላም፣ «ስልኩን ግን የምትሸጠው ከሆነ...» አሉ።

ተሸንፌ ስመለስ ቁራሌውን መንገድ ላይ አገኘሁትና ይዤው ወጣሁ። በረንዳ ላይ የጀርባውን ክዳን ፈታ። እጁ ፈጣን ነው። ሰባት ዓመት የተጠራቀመ አቧራ እፍ አለና መዳቡን፣ ሽቦውን፣ የኤሌክትሪክ ሰሌዳውን አወጣ። ውስጡ ሲታይ ባዶ ቤት ነው፤ የመስታወቱ ቀጭን አንገት መሀል ላይ ቆሟል፣ ዙሪያው ሁሉ ክፍት። አንድ መቶ ብር ሰጥቶኝ፣ ክዳኑን መልሶ ገጥሞ ሄደ። ሬሳውን ነገ እናስብበታለን ብዬ ተኛሁ።

እዚህ ላይ የፌስታሉን ጉዳይ ሳላነሳ አላልፍም። እናቴ ፌስታል አጥባ፣ በገመድ አስጥታ፣ ሦስት ማዕዘን አጣጥፋ በሌላ ፌስታል ውስጥ ታስቀምጣለች። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠውን ስስ ፌስታል ከልክሎ ነበር፤ እናቴ አልሰማችም። በ2017 ደግሞ አዲስ አዋጅ ወጣና የአንድ ጊዜ መጠቀሚያ ፌስታል ጭራሽ ተከለከለ። ይህን በዜና ሰማች። ያወራው ታናሹ ቴሌቪዥን ነው።

«የምን አንድ ጊዜ?» አለች ተቆጥታ። «ይሄኛውን አራት ዓመት ተጠቅሜበታለሁ!»

ቢሆንም ፈርታለች። ፖሊስ አራተኛ ፎቅ ድረስ መጥቶ አልጋ ስር ይፈትሻል ብላ ታስባለች።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ አሮጌው ቴሌቪዥን ቦታው ላይ ነው። ዳንቴሉ ታጥቦ፣ ተተኩሶ ለብሷል። ጠፍጣፋው አናቱ ላይ ተመልሷል። ባለቤቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች።

«እማማ፣ ይወጣል ተባብለን አልነበረም እንዴ?»

እናቴ በሩን ገርበብ አድርጋ ወደ ደረጃው አየች። ማንም የለም። የጀርባውን ክዳን ትንሽ ገለጥ አደረገችልን። ከታች እስከ ላይ ጢቅ ብሏል፤ ሦስት ማዕዘን፣ ሦስት ማዕዘን፣ ሦስት ማዕዘን።

«አሁንማ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሥራ ይዟል።»