ታንቶና ጎራዴ፦ ዝገቱን ለምን አይነኩትም?

ካትሱሺካ ለሚኖር ሐበሻ የቶኪዮው የጃፓን ሰይፍ ሙዚየም ሩቅ አይደለም፤ አጠገቡ ሱሚዳ ወረዳ፣ የሱሞ ትግል ሰፈር ርዮጎኩ ውስጥ ነው። እዚያ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚገርመው ሰይፎቹ ራቁታቸውን መቀመጣቸው ነው። እጀታ የለ፣ አፎት የለ። ስለቱ ያንጸባርቃል፤ እጀታ ውስጥ ይገባ የነበረው ጅራቱ ግን ጠቁሮና ዝጎ ይታያል። ማጽዳት ተረስቶ አይደለም። ጃፓኖች ናካጎ የሚሉት ይህ ጅራት የሰይፉ የልደት ወረቀት ነው፤ ዕድሜው በዝገቱ ቀለም፣ የሠሪው እጅ በሞረዱ ፋና ይነበባል። ይህን ዝገት የፈገፈገ ሰው ዋጋውን አብሮ ፈገፈገው ማለት ነው። እኛ ዘንድ የአያት ጎራዴ ከሣጥን ሲወጣ አስቀድሞ የሚፈለገው ብርጭቆ ወረቀት ነው።

ነገሩን በአጭሩ ጩቤ፣ በታንቶ ማየት ይቀላል። የታንቶ ስለት ከ1 ሻኩ፣ ማለትም ከ30.3 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ቀጥቃጩ ከማጥለቁ በፊት ጭቃ ይቀባዋል፤ ጀርባው ላይ ወፍራም፣ አፉ ላይ ስስ። ግሎ ውሃ ሲገባ አፉ ቶሎ ቀዝቅዞ ይጠነክራል፣ ጀርባው ዘግይቶ ልል ሆኖ ይቀራል። በሁለቱ ድንበር ላይ የሚታየው ነጣ ያለ መስመር ሐሞን ይባላል። ሙቀቱ ካለፈ ወይም ብረቱ ውስጥ የተደበቀ እንከን ካለ አፉ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይወጣል። ሐጊሬ ነው፤ መድኃኒት የለውም። ገዢ ስለቱን አንድ አምፖል ሥር እያዘነበለ፣ አፉን ከጫፍ እስከ ግርጌ ቀስ ብሎ ማየት ያለበት ለዚህ ነው። ርካሽ ቅጂዎች ላይ ሐሞን መስሎ የሚታየው ብዙ ጊዜ በአሲድ የተሳለ ነው።

የታንቶ ልብሱ የብዙ ሰው እጅ ነው። ስለቱን የሚስለው ሌላ፣ ግርጌው ላይ የምትገባውን የመዳብ ቀለበት ሐባኪን የሚሠራው ሌላ፣ አፎቱን የሚፈለፍለው ሌላ፣ እጀታውን በሐር ክር የሚጠመጥመው ሌላ። ከክሩ ሥር ያለው ነጭ ሽፋን የባሕር ዓሣ ቆዳ ነው፤ ፍሬ ፍሬው ክሩ እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። ይህን ሁሉ ከስለቱ ጋር የሚያጣብቀው አንድ የቀርከሃ ችንካር፣ መኩጊ ብቻ ነው። ቀርከሃው ሲደርቅና ሲኮማተር እጀታው ይላወሳል፤ ከተላወሰ በኋላ የሚሰነጠቀው እንጨቱ ነው። እጀታውን ለማውለቅ ችንካሩን ገፍቶ ካወጡ በኋላ ጩቤውን በግራ እጅ ዘንበል አድርጎ አቁሞ፣ የግራን አንጓ በቀኝ ጡጫ መምታት ነው። ረጅሙን ሰይፍ የለመደ ሰው በታንቶ ላይ እዚህ ጋ ይሳሳታል፤ ጅራቱ አጭር ስለሆነ ጠንከር ተደርጎ ከተመታ ስለቱ ተፈናጥሮ ይወጣል።

ያጌጠው አፎት የማስቀመጫ ቤት አይደለም። ውጪው ኡሩሺ በሚባል የዛፍ ሙጫ ቅብ የታሸገ ነው፤ እርጥበት ከያዘ አያስወጣም፣ ተከፍቶም አይጸዳም። ስለዚህ ስለቱ ሽራሳያ በሚባል፣ ቅብ በሌለው ተራ የማግኖሊያ እንጨት አፎት ውስጥ ይተኛል። ሽራሳያው በሩዝ ልቁጥ ስለተጣበቀ ከቆሸሸ ይሰነጠቅና ጸድቶ እንደገና ይጣበቃል። ያጌጠው አፎትና እጀታ ውስጥ ደግሞ በስለቱ ፋንታ የእንጨት ስለት ገብቶ ቅርጹን ይይዝለታል። ስለቱ የሚቀባው የቅርንፉድ ሽታ ያለው ስስ ዘይት ነው፤ ሲበዛ እንጨቱ ይመጠዋል።

ጃፓን ውስጥ ወረቀቱም ከዕቃው አይለይም። የምዝገባ ካርዱ ላይ ርዝመቱ፣ ጉብጠቱ፣ የችንካር ቀዳዳው ብዛትና ጅራቱ ላይ የተቀረጸው ስም ይሰፍራል። ዕቃው እጅ ሲቀይር አዲሱ ባለቤት በ20 ቀን ውስጥ ለአውራጃው የትምህርት ቦርድ ማሳወቅ አለበት። የካርዱ ልክና የስለቱ ልክ ካልተገጣጠመ ግዢው እዚያው ይቁም። ከአገር ለማስወጣት ደግሞ ከባህል ጉዳዮች መሥሪያ ቤት ፈቃድ ይወጣል፣ ካርዱም ይመለሳል። ፈቃድ ያለው ቀጥቃጭ ቢያንስ 5 ዓመት ከጌታው ሥር ተምሮ የወጣ ነው፤ አጭር ስለት በወር ከ3 በላይ መሥራት አይፈቀድለትም። ከቀደሙት ዋና ቀጥቃጮች አንዳንዶቹ የአገር ሕያው ቅርስ ተብለው በመንግሥት ተሰይመው ነበር።

በእኛ አገር ብረት የሚቀጠቅጠው ጠይብ፣ ቡዳ ሲባል ኖረ። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው ስድቡ የቱን ያህል ሥር ሰድዶ እንደነበር ያሳያል። በጎንደር ዙሪያ ብረት ይቀጠቅጡ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያንም አብዛኞቹ ዛሬ እስራኤል ናቸው። እንዲህ የሚሰደብ ቀጥቃጭ ስሙን ብረት ላይ ቢቀርጽ ምን ይጠቅመው ነበር? አገር ቤት ተሠርቶ የሠሪው ስም የሌለበት ጎራዴ የሞላን ለዚህም ይመስለኛል።

ከጎራዴዎቻችን የብዙዎቹ ብረት ከጀርመን፣ ከዞሊንገን የመጣ ነው። የጀርመኑ ሠሪ ምልክት ስለቱ ላይ፣ እጀታው አጠገብ አለ፤ የይሁዳ አንበሳና የአማርኛ ጽሑፍ ያለባቸውም አሉ። ጽሑፉ በአሲድ የተበላ ስለሆነ ጥልቀት የለውም፤ ለሠርግ አንድ ጊዜ፣ ለአድዋ በዓል አንድ ጊዜ በብርጭቆ ወረቀት ከታሸ ይጠፋል። ደረቅ የጥጥ ጨርቅና ስስ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃዋል። ቀይ ዝገት ካለ ዘይት ቀብቶ ማሳደር፣ ከዚያ በጨርቅ መጥረግ ነው፤ የጠቆረው ይቆይ። የቆዳ አፎት እርጥበት ስለሚስብ ብረቱ ከአፎቱ ወጥቶ ለብቻው ይቀመጥ። ርዝመቱ፣ ምልክቱና የማን እንደነበረ ቤተ ዘመድ ሳይበተን በወረቀት ይጻፍ።

ወደ ውጭ ይዞ መውጣት ግን ሌላ ጣጣ ነው። ቅርስ ያለ ፈቃድ አይወጣም፤ እጀታው የአውራሪስ ቀንድ ከሆነ ደግሞ የአገር ቤቱ ፈቃድ ብቻውን አያሳልፍም፣ ቀንዱ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር ሥር ስለሆነ የሚደርስበት አገር ጉምሩክ ሊወርሰው ይችላል። ቀንዱን አውልቆ በእንጨት መተካት የሚመክሩ አሉ፤ አይሞከር፣ የተነቀለ እጀታ ተመልሶ አይገጥምም። እንዲህ ያለው ጎራዴ እዚያው ከዘመድ ዘንድ ቢቀመጥ ይሻላል።