በአንድ ሃይላንድ ውሃ የሚድን አንጎል

የአንጎል ሐኪም ለመሆን ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ሰውዬው ተምሮ፣ ተመርቆ፣ እንደገና ተምሮ ሲጨርስ ፀጉሩ ሸሽቷል። የሰፈራችን ኮች ይህን ሁሉ ድካም አላስፈለጋቸውም። ፊሽካና አንድ ሃይላንድ ውሃ ይበቃቸዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ሜዳችን ብቅ በሉና እዩ። ሁለት ልጆች ለአንዲት ኳስ ቴስታ ይዘላሉ። ግንባር ከግንባር ይላተማል። "ቋ!" የሚለው ድምፅ ቡና የምታፈላዋ ልጅ ዘንድ ይደርሳል። አንደኛው ይዘረራል። ወጌሻው እየሮጠ ይገባል። (ወጌሻ ስል ጫማና ልብስ የሚጠብቀውን ልጅ ማለቴ ነው። እውነተኛው ወጌሻ ቅዳሜ ቅዳሜ ሠርግ አያጣም።) ሃይላንዱ ይከፈታል። ግማሹ አናት ላይ፣ ግማሹ ማጅራት ላይ። ልጁ ዓይኑን ያርገበግባል። "ተነሳ! ተነሳ!" ጭብጨባ። ምርመራውም ሕክምናውም አለቀ። ካርድ ማውጣት የለ፣ ወረፋ የለ፣ ሃያ ሰከንድ።

የተማሩት ሐኪሞች ይህን ቢያዩ ሥራ ይለቃሉ። እነሱ የአንጎል መናወጥ ወይም ኮንከሽን የሚሉት ነገር አለ። ሰው ራሱን ሳይስትም ይደርስበታል፣ እንዲያውም አብዛኛው ሰው ራሱን አይስትም ይላሉ። ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል ይላሉ። ሲቲ ስካን ላይም ብዙውን ጊዜ ምንም አይታይም ይላሉ። ታዲያ በማሽን ያልታየውን ኮቻችን ከሃምሳ ሜትር ርቀት፣ ፀሐይ ዓይናቸው ውስጥ እየገባች ያዩታል። ልጁ ገና መሬት ሳይነካ "ምንም አልሆነም!" ብለው ይጮሃሉ።

አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጡ ጥያቄዎች አሉ። የተመታን ተጫዋች አሁን የት ሜዳ ነን፣ ስንተኛው አጋማሽ ነው፣ መጨረሻ ያገባው ማነው፣ ባለፈው ከማን ተጫወታችሁ፣ አሸነፋችሁ ወይ እያሉ ይጠይቁታል። አምስት ጥያቄ! ልጁ ኳስ ሊጫወት መጣ እንጂ ለማትሪክ ተቀመጠ እንዴ? ባለፈው ሳምንት ከማን እንደተጫወትን ኮች ራሳቸውም የሚያስታውሱ አይመስለኝም። ተሸንፈን ነበር።

ኮች ያላቸው ጥያቄ አንድ ነው። መልሱም እዚያው ውስጥ ተቀምጧል። "ትችላለህ አይደል?" ልጁ ደግሞ የሚመልሰው በዚያው በተመታው ጭንቅላት ነው። ሞቅ ያለውን ሰው "ሰክረሃል እንዴ?" ብሎ ጠይቆ፣ "እኔ? በጭራሽ!" ሲል የመኪና ቁልፍ እንደ መስጠት ነው። በሰው መተማመን እንዲህ ነው እንጂ።

ዳኞቻችንን ሳላመሰግን ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ሕጉ፣ ተጫዋች ከባድ ጉዳት ከደረሰበት ዳኛው ጨዋታውን ያስቁም ይላል። የእኛ ዳኛ የተዘረረ ልጅ ሲያይ መጀመሪያ የሚያየው ሰዓቱን ነው። ቀጥሎ ውጤቱን ያስባል። እየመሩ ከሆነ ልጁ ሰዓት እየገደለ ነው። እየተመሩ ከሆነ ግን እውነትም ተጎድቷል። እንዲህ ያለ ምርመራ የትኛው ሆስፒታል ይገኛል? ልጁ ሰማይ ላይ ዓይኑን ተክሎ ለተኛበት ደቂቃም ስም አውጥተንለታል። የባከነ ሰዓት እንለዋለን።

በ2014ቱ የብራዚል ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ጀርመናዊው ክሪስቶፍ ክራመር ከአርጀንቲናው ጋራይ ጋር ተጋጭቶ ወደቀ። ተነሳና ቀጠለ። ቆየት ብሎ ወደ ጣሊያናዊው ዳኛ ኒኮላ ሪዞሊ ጠጋ አለና "ይሄ ፍጻሜው ነው እንዴ?" አለው። ማራካና ስታዲየም ውስጥ ቆሞ! ሪዞሊ የሚቀልድበት መስሎት ነበር። ከዚያ ለክራመር የቡድን ጓደኛ ለሽዋይንሽታይገር ነገረውና ክራመር በ31ኛው ደቂቃ ተቀየረ። እኛ ሜዳ ቢሆን ዳኛን እንዲህ ብሎ የጠየቀ ቢጫ ያያል። ንቀት ነዋ።

ጥበቡ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዚያው ዓለም ዋንጫ የኡራጓዩን አልቫሮ ፔሬራን የእንግሊዙ ስተርሊንግ ጉልበት ጭንቅላቱን መታውና ራሱን ሳተ። ሐኪሙ ይውጣ ብሎ ምልክት ሲያሳይ፣ ፔሬራ ጣቱን እያወዛወዘ እምቢ ብሎ ተመለሰ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎም፣ በ2013፣ የቶተንሃሙ በረኛ ሁጎ ሎሪስ በሉካኩ ጉልበት ተመታ። የሕክምና ክፍሉ ይውጣ ሲል አሰልጣኙ ቪያስ-ቦአስ ውሳኔው የእኔ ነው ብለው አስቀጠሉት። እኔ ይህን ሳነብ ኮቻችን ትዝ አሉኝ። ቋንቋው ሌላ፣ ሰውየው አንድ።

ምን ያደርጋል፣ ፈረንጆቹ ልባቸው ቶሎ ይፈራል። በቀጣዩ የውድድር ዘመን ፕሪሚየር ሊጉ ጭንቅላቱን የተመታ ተጫዋች ይቀጥል አይቀጥል የሚለውን ከአሰልጣኝ ነጥቆ ለሐኪም ሰጠ። ከ2024 ወዲህ ደግሞ የእግር ኳስ ሕግ አውጪው አይፋብ፣ ውድድሮች ከፈለጉ ጭንቅላቱን ለተመታ ተጫዋች ተጨማሪ ቅያሪ መፍቀድ ይችላሉ ብሏል። እኛ ያለን ቅያሪ አንድ ልጅ ነው። እሱም በስሊፐር ነው የመጣው።

አንድ ጊዜ አንድ ወጣት ሐኪም ሜዳ ድረስ መጥቶ ሊያስተምረን ሞክሮ ነበር። የመጀመሪያው ሳይድን ሁለተኛ ምት ቢጨመርበት አንጎል ሊያብጥ ይችላል፣ ብዙም አይደርስም፣ ከደረሰ ግን ሊገድል ይችላል፣ በተለይ ልጆችን አለ። ስለዚህ የተጠረጠረ ልጅ በዚያ ቀን አይመለስ አለ። ኮች በትዕግሥት ሰሙት። "እኔ በእኛ ጊዜ ስንቴ ተመትቻለሁ! ይኸው፣ ምን ሆንኩ?" አሉት። ሐኪሙ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ደግመው ነገሩት። ሻይ ስንጠጣም ለሦስተኛ ጊዜ ነገሩት፣ እንደ አዲስ።

የእህቴ ልጅ 15 ዓመቱ ነው። ባለፈው ወር ግማሽ ፍጻሜ ላይ ከተከላካይ ጋር ተጋጭቶ ወደቀ። ሃይላንዱ ፈሰሰ። "ትችላለህ አይደል?" ተባለ። ቻለ። ከእረፍት መልስ ደግሞ በዚያው ጭንቅላት፣ በቴስታ የማሸነፊያዋን ጎል አገባ። በትከሻ ተሸከሙት። ኮች "አንበሳዬ!" ብለው አቀፉት። እኔም ፉጨቴ እስኪጠፋ አፏጭቻለሁ፣ አልዋሽም።

ታክሲ ውስጥ አስመለሰው። "ፀሐይ መትቶት ነው" አልን። ማታ ጎሉን በስልክ የቀረጽኩትን አሳየሁት። ትክ ብሎ አየው።

"ጋሼ፣ ይሄን ማን አገባው?"

"አንተ ነሃ!"

"ስንት ለስንት ወጣን?"

ይህንኑ ድንገተኛ ክፍል ተሰልፈን ሳለን አራት ጊዜ ጠየቀኝ። አምስተኛው ላይ ስልኬ ጠራ። ኮች ናቸው። ሆስፒታል መሆናችንን ሰምተው ነው የደወሉት፣ እግዜር ይስጣቸው።

"አይዞህ በለው" አሉኝ። "ለእሁድ ይደርሳል አይደል?"