ሙዚቃውን ብቻ አትላኩልኝ፣ ማን እንደተጫወተውም ንገሩኝ

ደብረ ማርቆስ ላይ ክላሲካል የምንሰማ ሰዎች ብዙ አይደለንም፣ ተፈላልገን ነው የተገናኘነው፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ይዘን እንቀመጣለን በሳምንቱ ደግሞ በቴሌግራም እንላላካለን። እና ሁሌ የሚከነክነኝ ነገር አለ፣ የሚላከው ፋይል ስሙ «ትራክ 01» ወይ «ባህ ፒያኖ» (ባህ ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ) ነው፣ በቃ። ማን ተጫወተው፣ መቼ ተቀዳ፣ ምንም የለም። ስጠይቅ «ምን ያደርግልሃል፣ ባህ ያው ባህ ነው» ይሉኛል። አይደለም እኮ!

በቅርቡ የሆነውን ልንገራችሁ። ከአንድ ወዳጄ ጋር ጎልድበርግ ቫሪዬሽንስ ስለሚባለው የባህ ሥራ ሳንግባባ ሳምንት ሙሉ ተከራከርን፣ እሱ «ይፈነጥዛል» ይላል እኔ «ኧረ እንደ ጸሎት ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው» እላለሁ፣ በኋላ ስልካችንን ጎን ለጎን አድርገን ስንከፍተው ለካ ሁለታችንም የምንሰማው ካናዳዊውን ፒያኒስት ግሌን ጉልድን ነው፣ ግን እሱ ጋ ያለው የ1955ቱ፣ እኔ ጋ ያለው የ1981ዱ (እዚህ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ጉልድ በ22 ዓመቱ የመግቢያዋን አሪያ፣ ማለትም መነሻዋን አጭር ዜማ፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ይጨርሳታል፣ በ48 ዓመቱ ያችኑ አሪያ ከሦስት ደቂቃ በላይ ይቆይባታል። 38 ደቂቃ ገደማ የነበረው ሙሉ ሥራ ወደ 51 ደቂቃ ሄደ፣ በመጀመሪያው የዘለላቸውን ድግግሞሾች አንዳንዶቹን ስለመለሳቸውም ነው። ኖታው ግን ባህ በ1741 ያሳተመው ያው ነው፣ አሪያ፣ ከሷ ተነስተው መልካቸውን የሚለዋውጡ 30 ቫሪዬሽን፣ መጨረሻ ላይ ያችው አሪያ።

ልጅ እያለ ቅኔ ቤት የቆየ ጓደኛ አለን፣ ሁለቱንም አሰማነው። ዝም ብሎ ቆየና «የመጀመሪያው ቅኔውን ሲዘርፈው ነው፣ ሁለተኛው ሲፈታው» አለ። ከዚህ የተሻለ አልሰማሁም። ደግሞ ጎጃም ውስጥ ላደገ ሰው ይሄ እንዴት ይጠፋዋል፣ ያው ዜማ ከአንዱ መሪጌታ ወደ ሌላው ሲሄድ ልዩነቱን በጆሯችን እያወቅን አይደል ያደግነው?

ጉልድን ኢርፎን አድርጋችሁ ስሙት፣ ከፒያኖው ስር ሰውዬው ራሱ ሲያንጎራጉር ይሰማል። ያንን አንድ ሰው ድምፅ ማጉያ ላይ ስልኩን ደግኖ ቀድቶ በቮይስ ላከልኝ፣ የባጃጁ ጥሩምባ አለ ማንጎራጎሩ የለም። ፋይሉን ራሱን ላኩ እባካችሁ።

የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩንም እንደዚሁ። እሳቸው ራሳቸው የተጫወቱት፣ በ1967 ጀርመን አገር የወጣው የመጀመሪያ ሸክላቸው ሌላ ነው፣ ዛሬ ሌላ ፒያኒስት የሚጫወተው ሌላ ነው፣ እሳቸው ጊዜውን ያዝ ለቀቅ የሚያደርጉት ነገር ኖታ ላይ የሚጻፍ አይመስለኝም።

ቅዳሜ የማመጣው የቼሎ ተጫዋቹ ፓብሎ ካሳልስ ከ1936 እስከ 1939 የቀዳውን የባህ የቼሎ ሱት (ተከታታይ የጭፈራ ዜማዎች) ነው። ይንኮሻኮሻል፣ ለዛ ብላችሁ እንዳትዘጉት፣ ቀስቱ ክሩን ሲነካ ትንፋሽ ይመስላል። ፋይሉ ላይ ስሙንም ዓመቱንም ጽፌበታለሁ።