ለክቡር የብስክሌቴ የፊት ማርሽ ቀያሪ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ በደንገጎ ዳገት ላይ ለተደረገልኝ አገልግሎት ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከናፍቆትዎና ከግራ ጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤውን በግልጽ መጻፍ ያስፈለገኝ አቤቱታዬን በአካል ማቅረብ ስላልሆነልኝ ነው። ተንበርክኬ፣ አንገቴን አዙሬ፣ ዓይኔን እስከ ፔዳሉ ዝቅ አድርጌ ስለምንዎት የሚሰጡኝ ምላሽ ምንጊዜም ያው «ቅጭጭ፣ ቅጭጭ» ነው።

ሥራዎ ከባድ ነው የሚል ሰው ካለ ይቅረብ። ካቴናውን ከአንዱ ባለጥርስ ክብ ገፋ አድርጎ ጎረቤቱ ላይ ማሳረፍ፣ በቃ። ከዳር እስከ ዳር የሚመላለሱበት ስፋት ከአውራ ጣት ውፍረት እምብዛም አያልፍም። ከኋላ ያለው ባልደረባዎ ስምንት ክቦችን ከላይ ታች ሲያዳርስ ይውላል። የድሬዳዋ አቧራ እሱን አልዘለለውም፣ ሙቀቱም አልማረውም፤ ሆኖም ሲያማርር ሰምቼው አላውቅም። እርስዎ ያሉዎት ሦስት ናቸው። ከሦስቱም መካከለኛውን መርጠው ተቀምጠውበታል።

ያለፈው ቅዳሜ ማለዳ ፀሐይዋ ሳትበረታ ከቤት ወጣሁ። ሐረር ከድሬዳዋ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ በሚኒባስ የሚሄድ ሰው እያንቀላፋ ይደርሳል። በብስክሌት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ድሬዳዋ ያለችው 1200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲሆን ሐረማያ ሜዳ ላይ ለመውጣት ወደ 2000 ሜትር መድረስ ግድ ይላል። የዚህ ሁሉ ዕዳ አብዛኛው የሚከፈለው በደንገጎ ጠመዝማዛ ላይ ነው። እኔም ድንኳን፣ ብርድ ልብስ፣ ምድጃና ውኃ ጭኛለሁ። የጉዞ ብስክሌት ከፊት 44፣ 32 እና 22 ጥርስ ያላቸው ሦስት ክቦች የሚሰጡት ለዚህ ቀን ነው። ከኋላ ያለው ትልቁ 32 ጥርስ አለው። እንግዲህ ሒሳቡን ያስሉት፦ በ44ቱ ፔዳሉን አንድ ጊዜ ባዞር የኋላው ጎማ አንድ ዙር ከሲሶ በላይ ይሄዳል፤ በ32ቱ ልክ አንድ ዙር፤ በ22ቱ ሰባት አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ጭነት ይዞ ደንገጎን የሚወጣ ሰው የሚለምነው ያቺን 22 ብቻ ነው።

ዳገቱ መክበድ ሲጀምር በመሪው ግራ ያለውን፣ በገመድ እርስዎን የሚያዘውን ማንሻ ለቀቅሁ። ዝም አሉ። ደገምኩ። አሁንም ዝም። ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ፣ ከኋላዬ ጡሩንባ እየጮኸ፣ ብስክሌቱ ከእግረኛ ባነሰ ፍጥነት እየተንገዳገደ ሳለ ትእዛዙ ሁሉ በአንድ ጊዜ የደረሰዎት ይመስለኛል፤ ካቴናውን ከ32ቱ ላይ አንሥተው፣ 22ቱን ጭራሽ እንዳላዩ አልፈው፣ በክቡና እርስዎ በታሰሩበት የብስክሌቱ ቱቦ መካከል ወሸቁት። እግሬ ባዶ አየር ረገጠ። ብስክሌቱ ቆመ፣ እኔም በግራ ጎኔ ከነድንኳኔ ተዘረጋሁ።

ልጆች እንዲህ ባለ ጊዜ ከየት እንደሚፈልቁ አይታወቅም። ግማሾቹ ሳቁ፣ ግማሾቹ ብስክሌቱን ሊያነሱ ታገሉ፣ አንዱ ደወሉን እየደጋገመ ይሞክር ነበር። ከአንድ ሚኒባስ መስኮት የማውቀው ሰው፣ እጄን ለእርዳታ ስዘረጋ ሰላምታ መስሎት፣ ፈገግ ብሎ እጁን አውለበለበልኝ። እንጨት የተጫነች አህያ ቀስ ብላ ቀደመችኝ። ባለቤቷ፣ አንዲት አዛውንት፣ ቆም ብለው «አብሽር ልጄ» አሉኝ፤ ብስክሌቱን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱና ከልብ በመነጨ ርኅራኄ ጨመሩበት፦ «በዚህ ገንዘብ እኮ አህያ ይገዛ ነበር።» የምመልሰው አጣሁ። አህያዋ ማርሽ መቀየር ሳያስፈልጋት መታጠፊያውን አልፋ ሄዳለች።

አሁን ስማኝ። ከላይ ጫት የጫነ መኪና እየተምዘገዘገ ሲወርድ እኔ አስፋልቱ ላይ ነበርኩ፤ ጭንቅላቴ መሐል መንገድ፣ እግሬ ብስክሌቱ ሥር። ሾፌሩ መሪውን ባይጠመዝዝ ኖሮ በበራችን ላይ የሚተከለው ድንኳን ሌላ ዓይነት ነበር። በአንድ እፍኝ በማትሞላ ብረት! ለምን? ማንም ሊለካ ስላልፈለገ። አንተ የምትታሰርበት ቱቦ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው፤ 28.6፣ 31.8 ወይም 34.9 ሚሊ ሜትር። የእኔ 28.6 ነው። ቁጥሩን በወረቀት ጽፌ ለነጋዴው ሰጠሁት። ወረቀቱን ሳያነብ «ለሁሉም ይሆናል» አለኝ። ትልቁ 44 ጥርስ ነው፣ ትንሹ 22 ነው አልኩት፤ ዋጋህን ነገረኝ። በገበያው ከአንተ ሌላ አልነበረም። የ31.8 ማሰሪያህ ቱቦው ላይ ሲዋልል መካኒኩ አየ፤ አይቶም የከመነዳሪ ቁራጭ ጠቀለለበት። ላስቲክ ይለመጣል! ገመዱ በተወጠረ ቁጥር ቱቦውን ይዘህ ዞርክ፣ ከጥርሶቹ ጋር ትይዩ መሆንህ ቀረ፣ ወሰንህን እንዲጠብቅ የተሰጠህ ብሎንም የሚጠብቀው ድንበር ጠፋበት። ይህን የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ አይደለም። ሁሉም ያውቃል፤ የሚወድቀው ግን ሌላ ሰው ነው።

ወደ አንቱታው ልመለስ።

ክቡር ሆይ፣ ትውልድዎን አልንቅም። እርስዎ የውድድር ብስክሌት ልጅ ነዎት፤ ከፊት ሁለት ክብ ብቻ፣ 50 እና 34 ጥርስ፣ ልዩነታቸው 16 በሆነበት ቤት ያደጉ። እኔ ያቀረብኩልዎት ልዩነት 22 ስለሆነ ካቴናው ትንሿ ላይ በወረደ ቁጥር ጭራዎን እየፋቀ ያልፋል። ካቴናውን በግራና በቀኝ የሚያቅፈው ጉንጭዎም ለ50 ጥርስ የተቀረጸ በመሆኑ በ44ቱ ላይ አንዱ ጫፍዎ ሲቀርብ ሌላው ይርቃል። ለእኔ የሚበጀኝ ለሦስት ክብና ለአነስተኛ ጥርስ የተሠራው የተራራ ብስክሌት ዘመድዎ ነበር፤ እሱንም ጠቅ ጠቅ ከማይለው ተራ ማንሻ ጋር። የውድድር ማንሻ በአንድ ጠቅታ የሚስበው የገመድ ርዝመት ለተራራው ቀያሪ አይስማማውም፤ ጠቅታ የሌለው ማንሻ ግን እጅ እስካለው ድረስ ከማንም ጋር ይግባባል።

እሱን ከውጭ ላስመጣ ሞክሬያለሁ። እሽጉ ደርሶ አንድ መስኮት ወደ ሌላ መስኮት፣ ሌላው መስኮት ወደ መጀመሪያው ከመራኝ በኋላ «ዕቃው ምን እንደሚሠራ የሚገልጽ ደብዳቤ አምጣ» ተባልኩ። እርስዎን እያየሁ ምን ይሠራል ብዬ ልጻፍ?

ማስተካከሉም ቢሆን ምሥጢር የለውም። መጀመሪያ ቁመትዎ ይወሰናል፤ ከውጪኛው ጉንጭዎ ታችኛ ጠርዝ እስከ ትልቁ ክብ ጥርስ ጫፍ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር። ቀጥሎ ከክቡ ጋር ትይዩ ይደረጋሉ። ከዚያ ካቴናው ከፊት ትንሿ፣ ከኋላ ትልቁ ላይ ሆኖ የውስጥ ወሰንዎ ብሎን ይስተካከላል፤ ጉንጭዎ ካቴናውን ለጥቂት እስከማይነካው ድረስ። ገመዱ የሚታሰረው ከዚህ በኋላ ነው፤ የውጪው ወሰን ደግሞ መጨረሻ። ሆኖም ካቻቢቴ የያዘ ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከብሎኖቹ ነው፤ ፎርሙ ሳይሞላ ማኅተም እንደ መምታት። ሁለቱንም ወደ ቀኝ፣ ሁለቱንም ወደ ግራ፣ ከዚያ «አሁን ሞክረው»።

የተፈተለው የገመድዎ ጫፍ ሱሪዬን መብላቱን አላነሣውም።

ስራም የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 የተራራ ብስክሌት ማርሾችን ከፊት በአንድ ክብ ብቻ ይዞ ሲመጣ፣ እርስዎን ጨርሶ አሰናብቶ ነው። ዜናው እንዳልደረሰዎት ገምቼ ነው የነገርኩዎት።

ሐረር ደረስኩ ወይ ብለው ለሚጠይቁ ደርሻለሁ። ብስክሌቱ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ፣ እኔ ከውስጥ፣ ለእርስዎና ለጓዝዎ የአንድ ሙሉ ሰው ሒሳብ ከፍዬ። ሐረማያን ከጣሪያው ላይ ሆነው በደንብ እንዳዩ ተስፋ አደርጋለሁ። እስከ ተጨማሪ ውሳኔ ድረስ ካቴናውን በእጄ ስለምቀይር የዓመት ፈቃድዎን መውሰድ ይችላሉ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለኋላ ማርሽ ቀያሪ፣ በያዙት ይቀጥሉ
ለከመነዳሪው ቁራጭ፣ ወደ ቀድሞ ሥራዎ ይመለሱ