«የያዘ» ማለት «የያዘ» ማለት ነው!

በቃ ሰለቸኝ! የምፈልገው ቀላል ነገር ነው። ኤ፣ ኢ እና ቲ የሚባሉትን ፊደላት የያዙ የእንግሊዝኛ ቃላት አሳየኝ ስለው፣ ቃል ፈላጊው (ከሰጠሁት ፊደላት ቃላት የሚያወጣልኝ ፕሮግራም) «ኢት» እና «ቲ» ብሎ መብላትንና ሻይን አምጥቶ ይደረድርልኛል። እነዚህማ ከሦስቱ ፊደላት ብቻ የተሠሩ ናቸው! እኔ ያልኩት የያዙ ነው። «ዋተር» ሦስቱንም ይዟል፣ ልብ የሚባለው «ሃርት»ም ይዟል፣ «ቲቸር»ም እንደዚያው። የት ሄዱ?

ሌላው ደግሞ ፊደላቱ እኔ በጻፍኩት ቅደም ተከተል ካልተከታተሉ የለም ይለኛል። ኧረ ቅደም ተከተል መቼ ጠየቅኩ? ሁለት ኢ ያለበት ቃል ስፈልግም አንድ ኢ ያለውን ሁሉ ይዘረግፈዋል፣ ከዚያ ተቀምጬ አንድ በአንድ መልቀም የኔ ሥራ ይሆናል።

በእጅ ሞክሪው የምትሉኝ አላችሁ። ሰባት የተለያዩ ፊደላት እኮ በ5,040 መንገድ ይደረደራሉ! ማሽን የተፈለገው ለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ትርጉም አለመኖሩ ነው። ፊደላትን ገጣጥሞ ቃል በመሥራት ነጥብ በሚሰበሰብበት ጨዋታ፣ በስክራብል፣ ኪው ብቻዋን 10 ነጥብ ናት፣ ዩ ሳትከተላት የምትገባበት ቃል ማግኘት ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። በኪው እና በአይ የሚጻፍ «ቺ» አለ፣ በቻይናውያን አስተሳሰብ የሕይወት ኃይል ማለት ነው፣ ሁለት ፊደል ብቻ። ይሄን የመሰለ ቃል ያለ አንድ መስመር ማብራሪያ ከመቶ ቃል መሃል ወርውሮ መሄድ ምን ይባላል? እኔ ቃሉን ማወቅ ነው የምፈልገው፣ ነጥቡን ብቻ አይደለም። «የያዘ»፣ «ብቻ የተሠራ»፣ «በተርታ ያለ» ብላችሁ ለዩልን፣ ከጎኑ አጭር ትርጉም ጻፉልን። ይሄን ያህል ከባድ ነው?