ድርቁ የመጣው ዛፍ ስለቆረጥን ነው?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ፦ «የአየር ንብረት ለውጥን ለሕዝብ ለማስረዳት ከችግኝ ተከላ የተሻለ መንገድ የለም።» ደጋፊው የወረዳ የችግኝ ተከላ አስተባባሪ፣ ተቃዋሚዋ የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያ ናቸው።

ደጋፊ፦ ስብሰባ ከፍቼ «ካርቦን ዳይኦክሳይድ» ካልኩ ግማሹ ሰው ያንቀላፋል። «ነገ ጉድጓድ እንቆፍራለን» ካልኩ ግን ዶማውን ይዞ ይመጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ሲያስታውቅ ቁጥሩን የተጠራጠሩ ነበሩ፤ ይጠራጠሩ። ተማሪው፣ ቄሱና ሼኩ በአንድ ተዳፋት ላይ ስለ አየር ንብረት ሲያወሩ መዋላቸው ለእኔ ይበቃኛል። ይህን ያደረገ ዓውደ ጥናት አለ?

ተቃዋሚ፦ ወንድሜ፣ ምን ሲያወሩ ዋሉ? እኔም ተከላ ላይ ተገኝቻለሁ፤ ንግግሩ ሁልጊዜ ያው ነው፦ «ደናችንን ጨፈጨፍን፣ ዝናቡ ራቀን።» ይህን የሰማ ገበሬ ጥፋተኛው እኔ ነኝ ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ኢትዮጵያ ግን በዓለም ላይ ከሚለቀቀው በካይ ጋዝ ያላት ድርሻ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም።

የቦረናን ድርቅ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ፤ ከብቱ አለቀ። ይህን ያመጣው የአርብቶ አደሩ መጥረቢያ ነው? ላኒና የሚባለው፣ የፓስፊክ ውቅያኖስ የላይኛው ውኃ ሲቀዘቅዝ የእነ ቦረናን ዝናብ የሚቀንሰው ክስተት ለሦስት ዓመታት ተደጋገመ፤ በዚያ ላይ የምድር ሙቀት ጨምሯል። እ.ኤ.አ. በ2023 ድርቁን ያጠኑ ዓለም አቀፍ ተመራማሪዎች፣ የሰው ልጅ ያመጣው ሙቀት ባይኖር ኖሮ ያው የዝናብ እጥረት ለእንዲህ ዓይነት ድርቅ ባላደረሰ ነበር ብለዋል። ሙቀቱ የድርቁን ዕድል ቢያንስ መቶ እጥፍ አሳድጎታል።

ደጋፊ፦ ይኸው! «ላኒና»፣ «መቶ እጥፍ»። ከብቱ ላለቀበት ሰው ይህን ሊነግሩት ነው?

ተቃዋሚ፦ እነግረዋለሁ፤ ያውም በሁለት ዓረፍተ ነገር። «አየሩ ሲሞቅ ከአፈሩ የሚመጥጠው እርጥበት ይበዛል፤ ስለዚህ ድሮ ለሣሩ ይበቃ የነበረው ዝናብ ዛሬ አይበቃውም። አየሩን ያሞቀው በአብዛኛው በሩቅ አገር ለብዙ ዘመን የተቃጠለው ከሰልና ነዳጅ ነው።» ሣርና ሰማይ ሲያነብ ላደገ ሰው ይህ ምኑ ይከብዳል? የሚያንቀላፋው ቃሉ ከብዶት ሳይሆን ስለ እሱ ኑሮ ስለማናወራ ይመስለኛል።

ደጋፊ፦ እሺ፣ ገባው እንበል። ቀጥሎስ? ጥፋቱ የሩቅ ሰው ከሆነ መፍትሔውም ከሩቅ ይምጣ ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። እኔ ቢያንስ ዶማ አስይዤዋለሁ። ደግሞስ እህቴ፣ ዛፍ አፈር እንደሚይዝ፣ ምንጭ እንደሚያጎለብት ይክዳሉ?

ተቃዋሚ፦ አልክድም። ለአፈርና ለምንጭ ነው ይበሉትና እኔም ዶማ ይዤ እመጣለሁ። የሚያስፈራኝ ችግኙ ጸድቆ ድርቁ ሲደገም የሚሆነው ነው። «ትከል፣ ዝናብ ይመጣል» የተባለ ሰው ተክሎ ዝናቡ ሲቀርበት ማንን ያምናል? በቀጣዩ ወቅት ዝናቡ ከመደበኛ በታች ሊሆን ይችላልና ከብትህን ሳይከሳ ሽጥ ስንለው አይሰማንም። አመኔታው አንዴ ከሄደ ትንበያችን ትክክል ቢሆንም ባይሆንም ለውጥ የለውም።

እጁን ያጣጥፋል ላሉት ደግሞ፦ እ.ኤ.አ. በ2022 ግብፅ፣ ሻርም ኤል ሼክ ላይ በተካሄደው የአየር ንብረት ጉባኤ መንግሥታት ለአየር ንብረት ጉዳት የሚውል ፈንድ እንዲቋቋም ተስማምተዋል። ጥፋተኛው እኔ ነኝ ብሎ የተቀበለ ተጎጂ፣ ከዚያ ፈንድ ድርሻዬ የት ደረሰ ብሎ ወረዳውን እንዴት ይጠይቃል?

ደጋፊ፦ ወረዳ ሲመጣ የሚያገኘው እኮ እኔን ነው! በእጄ ያለው ደግሞ ችግኝ እንጂ ፈንድ አይደለም። በሚቀጥለው ተከላ ንግግሩን ለእርስዎ ለቅቄያለሁ፤ ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮችዎን ይንገሩት። «ታዲያ ምን ላድርግ?» ብሎ ሲጠይቅዎት ምን እንደሚመልሱለት አጠገብዎ ቆሜ እሰማለሁ።